ለዝሆን የሚሆን ክር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለእሜቴ፣ ለልጄ እናት፣ ከአሥር ወር ወዲህ ደግሞ ለድንቡሼ አያት፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ደም ግፊቴ ደህና ነው፣ ድስቶችሽም ደህና ናቸው። አንዱን ብቻ አሳርሬዋለሁ፤ እሱንም በጋራዡ አሸዋ ወረቀት ፈትጌ እንደ አዲስ አድርጌዋለሁ። አሁን ምግብ ሥሩን ይይዛል እንጂ መልኩ አምሯል።

ይህን ደብዳቤ እሽጉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። አውቅሻለሁ። ካርቶን ስታዪ መቀስ እስኪመጣ አትታገሺም፤ በጥርስሽ ነው የምትከፍቺው። አሁን ግን እባክሽ ድንቡሼን ለእናቷ ስጫትና ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ከሥር ያለው ነገር የትም አይሄድም።

በስልክ ብትነግረኝ ምን ነበረበት እንዳትይኝ። ሞክሬ ነበር። "ደህና ነህ?" ትይኛለሽ። "ደህና ነኝ" እላለሁ። "ቆይ ልጅቷን ላቅርብልህ" ትይና ስልኩ ድንቡሼ አፍ ውስጥ ይገባል። እኔም የልጅ ልጄን ድድ ሳዳምጥ ቆይቼ እዘጋለሁ። ከሄድሽ ጀምሮ አሥራ አንድ ወር ሙሉ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። ሌላውን ሁሉ የምሰማው ለልጃችን ስትነግሪያት ነው። "አባትሽን መድኃኒቱን እንዳይረሳ ንገሪው።" "አባትሽን የጋዙን ጎማ ያስቀይር በዪው።" አባቷ እኮ እዚያው ስልኩ ላይ ነበር። ጆሮዬ ደግሞ እንደምታውቂው ጤነኛ ነው።

ጎማውን አስቀይሬዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከሦስት ወር በፊት ልጃችን ብቻዋን ደወለችልኝ። አንቺ ድንቡሼን አዝለሽ ከቤት ወጥተሽ ነበር መሰለኝ። "አባ፣ እማ ለልጄ ዝሆን ጀምራ ሦስት ጊዜ ፈታችው" አለችኝ።

"ለምን?" አልኳት። "አንድ ዙር እንኳ የማትስት ሴትዮ።"

"ሥራው አይደለም፣ ክሩ ነው። እዚህ ያለው ሱቅ ሙሉ ክር ነው። እያነሳች ታሽተዋለች፣ ትጎትተዋለች፣ ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች፤ ከዚያ 'ይሄ አይደለም' ብላ ትመልሰዋለች።"

"ታዲያ የትኛውን ነው የምትፈልገው?"

ልጃችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አንተ ታውቀው የለ፣ አባ" አለችኝ።

አወቅሁታ። ያቺን ቀን አንቺም እኔም አሥራ አንድ ወር ዘልለናታል። ዛሬ አንስተናት እንጨርሳት።

ልጃችን አምስት ዓመቷ ላይ ትለብሰው የነበረውን ሹራብ ፈትተሽ፣ ክሩን አጥበሽ፣ ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥመሽ አድርቀሽ፣ በሰባት ጥቅል አድርገሽ ከበሩ ጀርባ በከረጢት ሰቅለሽው ነበር። "የእናትየዋ ሹራብ የልጅቷ ዝሆን ይሆናል" ስትይ ሰምቻለሁ። ልትሄጂ አንድ ቀን ሲቀርሽ እኔ ያንን ከረጢት ጋራዥ ወሰድኩና ቀለም መርጫዬን ጠረግሁበት። አንቺ የሻንጣው ዚፕ አልዘጋ ብሎሽ ልትጠሪኝ ስትመጪ፣ ክርሽ ቀይ ቀለም ጠጥቶ በርሜሉ ውስጥ ተኝቷል። "ውዳቂ መስሎኝ ነው" አልኩሽ።

"እሺ" አልሽኝ።

ሌላ አንድ ቃል አልጨመርሽም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስትጮሂብኝ ኖሬ ምንም አልሆንኩም፤ በዚያች "እሺ" ግን እስካሁን ጎኔን ያመኛል።

እንግዲህ ልጃችን ስልኩን እንደዘጋች ተነሥቼ ቤቱን በረበርኩት። መሳቢያ፣ የአልጋ ሥር፣ የስፌት ሣጥንሽ፣ የክረምት ኮቴ ኪስ ሳይቀር። መርፌ ወጋኝ፣ የጠፋብኝን የቀኝ እግር ካልሲ አገኘሁ፤ ከዚያ ክር ግን አንዲት ጭራ የለም። ወገቤን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ከውሃ ቆጣሪው በላይ፣ ሚስማሩ ላይ፣ ትርፉ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቀለበት ስላልነበረው አንቺ ነሽ በክር ያሰርሽው። ያው ክር ነው። ሹራቡን ስትሠሪ የተረፈሽ ይሆናል፣ ስንዝር ብትሆን ነው። በየቀኑ በአጠገቧ አልፋለሁ፤ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም።

ቁልፉን ከነክሩ ይዤ ክር ቤት ሄድኩ። ያ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ያለው፣ አንቺ "አንድ ደቂቃ" ብለሽ ገብተሽ አንድ ሰዓት የምታቆሚኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ውጭ ቆሜ መስኮቱን ሳይ ኖርኩ እንጂ ገብቼ አላውቅም ነበር። ለካ ክሩ እስከ ጣሪያ ድረስ ነው። ባለቤቷ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴትዮ ናት። አግዳሚው ላይ ደግሞ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ያቺ ስትናገር ሰው ሁሉ እጅጌውን የሚሰበስብላት፣ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች።

ባለቤቷ እጄን አይታ፣ "ቁልፍ የሚቀረጸው ከፊት ለፊት ነው፣ አባባ" አለችኝ።

"ቁልፉን አይደለም፣ ክሩን ነው" አልኳት። አባባ ማለቷ ቅር ብሎኛል።

እሷም ለማየት ያህል አራት አምስት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ቀለም በአምፖል አይመረጥም። ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ውስጥ ቆሞ ነው። የመኪና በር ስቀባ የኖርኩት እንዲያ ነው። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ጥቅሎቹን በሙሉ አቅፌ ወደ በሩ ሮጥኩ። ባለቤቷ ሌባ አላለችኝም፣ ጨዋ ናት። ነርሷ ግን ኪሮሿን እንደያዘች ተነሥታ በሩን ሞላችው።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"ወደ ብርሃን" አልኳት።

እስከ ዛሬ በዚያች መልሴ ይስቁብኛል። አሁን ስመጣ "ወደ ብርሃን ደረሱ" ነው የምባለው።

የመጀመሪያውን ምርጫዬን ብታዪው ትወጂልኝ ነበር፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል። ለስላሳ፣ ፀጉራም፣ እንደ ድመት ግልገል የሚሞቅ። ቀለሙም ቁልፉ ላይ ወዳለው ተጠግቷል። "ይሄ ነው" ብዬ ቆረጥኩ። ባለቤቷ ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀችኝ። "ለአሻንጉሊት፣ ለሰባት ወር ልጅ" ስላት፣ ቢላ ከያዘ ሕፃን እጅ እንደምትቀማ አድርጋ ወሰደችብኝ። ነርሷ ደግሞ ከጥቅሉ ትንሽ ፀጉር ነጨችና "አፍዎን ይክፈቱ" አለችኝ። ነርስ አፍ ክፈት ስትል ሰው ይከፍታል። ምላሴ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ዳንቴሏ ተመለሰች። ቤት እስክደርስ ስተፋ ነበር። ድንቡሼ የዝሆኑን ጆሮ ስታኝክ የምትውጠው ይህንኑ መሆኑን ያን ያህል በአጭሩ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ሁለተኛው ሱፍ ነበር። ባለቤቷ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ እንደሚታጠብ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ልጃችንን አውቃታለሁ፤ ያገኘችውን ሁሉ ማሽን ውስጥ ነው የምትከተው። ቀለም ሳልሞክር መኪና ላይ እንደማልረጭ ሁሉ፣ ጥቅሉን ከቱታዬ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩትና በሙቅ ውሃ አጠብኩት። የወጣው ነገር ግማሽ ሆኗል፣ ደርቋል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጥሉት ይጮኻል። ጎረቤቴ ጎማው፣ እንደምታውቂው ጎማ ከመጠገን በቀር የማያውቅ፣ አንስቶ አገላበጠውና "የየትኛው መኪና ፍሬን ሸራ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቱታዬም ፀጉር አብቅሎ ሰነበተ።

ኩም ብዬ ተመለስኩ። በዚህን ጊዜ ባለቤቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "እስቲ ያቺን ክር ያሳዩኝ" አለች። መነጽሯን አድርጋ አየቻት። "ጫፏን በክብሪት ብለኩሳት ከሽታዋ ምንነቷን አውቅ ነበር" ስትል ቁልፉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያች ክር አንዲት ጭራ እንኳ አይቃጠልም። ስለዚህ በጣቷ ጫፍ ፈታ አድርጋ አየቻትና "ጥጥ ነው። ጥሩ ጥጥ" አለችኝ። አንቺ ከመጀመሪያውም ታውቂው ነበር። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ጥጥ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ቀለሙ እምቢ አለ። ሰማያዊ አመጣችልኝ፤ በጣም ሰማያዊ ነው። አመድማ አመጣችልኝ፤ እሱ ደግሞ ፍጹም አመድ ነው። የቁልፏ ክር በሁለቱ መካከል ናት፣ ታውቂያታለሽ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ሰማይ ትመስላለች። መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ጨረስነው። ነርሷ ሳትቀር መሰላል ላይ ወጣች።

አንድ ረፋድ ተስፋ ቆርጬ ውጭ ቆሜ ሳለሁ፣ ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ ቋጠሮውን ፈታሁት። ቋጠሮው ውስጥ የነበረው ክር ሰማያዊ ነው። ደማቅ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ሰማያዊ። ያኔ ነው የገባኝ። የእኛ ሹራብ ክር ሲገዛ ሰማያዊ ነበር እንጂ ይሄን ቀለም አልነበረም። ያንን ቀለም ያመጣው ፀሐይና ሳሙና ነው፤ ልጃችን በመንገድ ስትንከባለልበት፣ አንቺ ስታጥቢው፣ ገመድ ላይ ሲሰጣ፣ ቀስ በቀስ የመጣ ቀለም ነው። የቁልፏም ክር ሚስማሩ ላይ ፀሐይ ሲመታት ኖራ ያንኑ ሆናለች። የትኛውም ፋብሪካ አይሠራውም።

ይሄ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ያረጀ መኪና ይመጣል፣ ባለቤቱ የቀለሙን ቁጥር ከወረቀት ላይ ያነብልኛል። ጀማሪ ቀቢ በቁጥሩ ይቀባና በሩ ከሌላ መኪና የተበደሩት ይመስላል። የሚያውቅ ቀቢ ቁጥሩን ትቶ መኪናው አሁን የሆነውን ያያል። ከዚያ ያደባልቃል። ሠላሳ ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ነገር ክር ቤት ስገባ ረስቼው ነበር።

ሮጬ ገባሁና "ሰማያዊና አመድማውን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል?" አልኩ።

"ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ባንድ ኪሮሽ ጎን ለጎን መያዝ ነዋ" አለች ባለቤቷ፣ ቀላል ነገር እንደጠየቅኋት። "ይሄን ለመጠየቅ ነው ሁለት ወር የለፉት?"

እዚያው ቆማ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ሠራችልኝ። ወደ ብርሃን ይዣት ወጣሁ። ነርሷም ተከተለችኝ። ያቺን ስንዝር ክር ቁራጯ ላይ አስቀመጥኳትና ጠፋችብኝ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እያየ ጠፋችብኝ፤ በጣቴ ዳስሼ ነው ያገኘኋት። ነርሷ መሐረቧን አውጥታ ሰጠችኝ። አቧራ ገብቶብኝ ነበር ብዬሻለሁ፣ አንቺ ግን አትመኚኝ።

ቀለሙ እንደማይለቅም ማረጋገጥ ነበረብኝ። ልጅቷ ማኘኳ አይቀርም። በነጭ ጨርቅ አሸሁት፣ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ደህና ነው። ምራቅ ግን ሌላ ነገር ነው ብዬ ሁለቱንም ክሮች አፌ ውስጥ ከትቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ብዬ ወስኛለሁ። በአሥረኛው ደቂቃ ጎማው መጣ። ሁለት ክር ከከንፈሬ ተንጠልጥሎ ሲያየኝ ምን ይበል፣ "ጥርስህን ነው?" አለኝ። አፌን መክፈት ስለማልችል ራሴን ነቀነቅሁ። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ጥርስ ሕመሜን ሰምቶ ኖሮ ቅርንፉድ ያላመጣልኝ የለም። አሁን ቅርንፉድ የምትፈልጊ ከሆነ ከእኔ አያልቅም። ምላሴ ግን ሰማያዊ አልሆነም። ክሩ አልፏል።

በዚሁ ክሩን ጠቅልዬ ልልክልሽ ነበር። ነርሷ ናት የከለከለችኝ። "ሳይሠሩበት ደግ ክር መሆኑን በምን ያውቃሉ?" አለችኝ። ልክ ናት። ቁራጭ ላሜራ ላይ ሳይረጩ መኪና አይቀባም። እንዲህ ሆኖ ነው እኔ ባልሽ በየሐሙሱ አግዳሚው ላይ፣ በሁለት ሴቶች መካከል፣ ኪሮሽ ይዤ መቀመጥ የጀመርኩት። ጎማው በመስኮቱ ሲያልፍ አየኝና ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ለመኪናው መሪ ልባስ ትሠራልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከዝሆኑ የመረጥኩት ጆሮውን ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀላል መሰለኝ። የመጀመሪያው ጆሮ ቆብ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ካልሲ ሆነ፣ ምኑን እንደሳትኩ እነሱም አላወቁት። በሦስተኛው ላይ ዙሩ ሊያልቅ ሦስት ቀለበት ሲቀረኝ ጎማው ገብቶ የመሪውን ልባስ አነሳብኝ፤ እኔም መለስኩለትና ቁጥሬ ድራሹ ጠፋ። ከመጀመሪያው ፈትቼ ጀመርኩ።

ያኔ አንድ ነገር ታሰበኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንቺ ዳንቴልሽን ይዘሽ እኔ ሳናግርሽ ዝም ስትይኝ፣ ያኮረፍሽ ይመስለኝ ነበር። እኔም አኩርፌ ጋራዥ እሄድ ነበር። ለካ እየቆጠርሽ ኖሯል። ምን ያህል ዙር አስፈታሁሽ? ስንት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርሽ፣ አንድም ቀን ሳትነግሪኝ? አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ይሄን ሳስብ ኪሮሹን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቷ "ክሩ አስቸገረዎት?" አለችኝ። "ክሩስ ደህና ነው" አልኳት።

ሰባተኛው ጆሮ ጆሮ ሆኗል። እሽጉ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለችው ቦታ የእኔ ስህተት ናት፤ ነርሷ "ዝሆንም እኮ ጆሮው ይቀደዳል" ብላ አጽናንታኛለች። ካልወደድሽው ፍቺው፣ አልቀየምሽም። አሁን መፍታት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልጽፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መጥቻለሁ። አንዴ ውሃ ጠጣሁ፣ አንዴ ምንም ሳላደርግ ቆሜ ተመለስኩ።

እሜቴ፣ ያ ክር ውዳቂ አልመሰለኝም ነበር። አውቄው ነው።

ያን ሳምንት ሙሉ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ ከሁሉ አስቀድመሽ ያሰብሽው ለዚያ ክር ነበር። "ይሄን እንዳልረሳው" እያልሽ ከበሩ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ በሩ ስታመላልሽው አያለሁ። ልጃችን ለመውለድ ተቃርባ ስትጠራሽ መሄድ እንዳለብሽ አውቃለሁ፣ እኔም ሂጂ ብዬሻለሁ። ውስጤ ግን ሌላ ነበር። "አሮጌ ሹራብ እንኳ ሳይቀር ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ ብቻ ነኝ የምቀረው" አልኩ። ክር ላይ ቀናሁ፣ ልትስቂ ትችያለሽ። ጋራዥ ስገባ መጥረጊያ ጨርቅ በጆንያ ሞልቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። በእሱ ላይ ተሻግሬ ነው ከረጢትሽን ያነሳሁት። ቀዩ ቀለም ሲነካው አየሁት፤ ግን አላቆምኩም። ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ውዳቂ መስሎኝ ነው አልኩሽ።

አንቺ ደግሞ ጆንያውን አየሽው። ከእኔ ወደ ጆንያው፣ ከጆንያው ወደ እኔ ስታዪ አይቻለሁ። "እሺ" ያልሽው ለውሸቴ እንጂ ለክሩ እንዳልነበረ የዚያኑ ዕለት ገብቶኛል። ለክሩማ ጮኸሽብኝ ይወጣልሽ ነበር።

ይቅር በዪኝ። ይህችን ቃል ፍለጋ ነው ሦስት ወር ክር ቤት የተመላለስኩት። ክሩን እንጂ ቃሏን የሚሸጥልኝ አላገኘሁም፤ እሷን ከራሴ ነው ያመጣኋት።

አሁን እሽጉን መክፈት ትችያለሽ። አምስት ጥቅል ሰማያዊ አለ፣ አምስት ጥቅል አመድማ አለ። የየቀለሙ አምስቱ ከአንድ ጊዜ የቀለም ንክር የወጡ መሆናቸውን ወረቀታቸው ላይ ያለውን ቁጥር እያየሁ አንድ በአንድ አረጋግጫለሁ፤ የዝሆኑ ግንባርና ኋላው አይለያይም። ባለቤቷ የላከችልሽ መልእክት፣ ሁለት ክር ስለሆነ ብለሽ ኪሮሹን አታወፍሪው፣ አጥብቀሽ ሥሪው፣ አለዚያ ሙሌቱ በቀዳዳው ይታያል ትላለች። ነርሷ ደግሞ ዓይኑን በልብስ ቁልፍ ሳይሆን በክር ይሥሩት፣ ልጅ ቁልፍ ትነቅላለች ብላሻለች። ይሄን አንቺ ሳትወለጂ ታውቂው ነበር ብዬ መልሼላታለሁ።

አንድ ተንኮል ግን ልናዘዝልሽ። እሽጉን ሳሽግ የአራቱን እግሮች ክር ላስቀርብሽ አስቤ ነበር። ጆሮው፣ ጭንቅላቱ፣ ሆዱ እዚያ ይሠራል፤ እግሩን ለመጨረስ ግን ወደዚህ ትመጫለሽ። ለጎማው ስነግረው እጄን ጨበጠኝ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት ከእኔ አልጠበቀም። ከሁለቱም ቀለም አንዳንድ ጥቅል አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጡ። መሳቢያውን ባለፍኩ ቁጥር ያቺ "እሺ" ትሰማኛለች። ከዚህ በፊት አንዴ ክርሽን ወስጄብሻለሁ። ትላንት አውጥቼ መለስኳቸው። አሥሩም እሽጉ ውስጥ ናቸው፣ ቁጠሪያቸው። ዝሆኑን እዚያው ጨርሺው፤ ድንቡሼ ሳታድግ በአራት እግሩ ይቁምላት።

ነይ አልልሽም። ልጃችን እስከመቼ እንደምትፈልግሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ናፍቀሽኛል ግን፤ ቤቱም ናፍቆሻል፤ ያ የተፈተገው ድስት ሳይቀር። ስትመጪ ዳንቴልሽን ይዘሽ ቁጭ በይ፣ እኔ አላናግርሽም። ወይም እኔም ኪሮሼን ይዤ ጎንሽ እቀመጣለሁ፣ ሁለታችንም እንቆጥራለን።

ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዝሆኑን ስታኝከው አያቷ ቀድሞ እንደቀመሰው ንገሪያት። ልጃችንን ፈጣሪ ጤናዋን ያብዛልኝ። አንቺን ዕድሜ ሰጥቶ፣ እጅሽን ባርኮ፣ ዓይንሽን ጠብቆ ያኑርልኝ።

ከዚያ ክር እኔ ጋ የቀረችው ያቺ ስንዝር ብቻ ናት። እሷን መላክ አልቻልኩም። ቁልፉን መልሼ አስሬባታለሁ፤ ቋጠሮዬ እንዳንቺ አላማረም፣ ግን ይዟል። እኔ ጋራዥ እያለሁ ድንገት ብትደርሺ በር ላይ እንዳትቆሚ፣ ከውሃ ቆጣሪው በላይ፣ አንቺ የሰቀልሽበት ሚስማር ላይ ነው።

ያንቺው ቀለም ቀቢ